በሬ ሥዕል ክፍል የገባ ዕለት

መሣል አልችልም። ይህን የምለው በትሕትና እንዳይመስላችሁ። «ኧረ እኔ ወጥ አላውቅም» እያለች ጣት የሚያስቆረጥም ወጥ የምታቀርብ ሴት አለች፤ የእኔ እንደሷ አይደለም። እኔ ድመት ስስል ትራስ ይወጣል። ትራስ ብስል ምን እንደሚወጣ ሞክሬው አላውቅም፤ እግዜር ይወቀው። እንግዲህ በዚያ በደርግ ዘመን ከሰው ሁሉ ተመርጬ፣ ከብት መሀል ተወልደው ላደጉ የገበሬ ልጆች የከብት ሥዕል እንዳስተምር የተሾምኩት እኔ ነኝ።

ከደሴ ነው የሄድኩት። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ዕጣዬ ደንዲ ላይ ወደቀ፤ ከጊንጪ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቷ ጥቂት ጭቃ ቤት ክፍሎች፣ አንድ የባንዲራ እንጨትና አንድ ዲሬክተር ነበሯት። ዲሬክተሩ አቶ ግርማ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው። ክፉ ልማዳቸው ሁለት ብቻ ነው፤ ከበላይ ለመጣ ነገር ሁሉ «ይቻላል» ይላሉ፣ ከባንዲራው ሥር የተከሏትን አበባ ደግሞ ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዳሉ።

አንድ ቀን ግንቦት ላይ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«የሥዕል መምህሩ ወደ ነቀምት ተዛውሯል። ሥዕሉን አንቺ ትይዣለሽ።»

«ጋሽ ግርማ፣ እኔ እኮ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።»

«ክብ ትሠሪ የለም?»

«እሠራለሁ።»

«ሦስት ማዕዘንስ?»

«እሱንም እሠራለሁ።»

«በቃ! ላም ማለት ክብና ሦስት ማዕዘን ናት። ከሥሯ አራት መስመር ታሰምሪላታለሽ።»

ከዚያ ሣጥናቸውን ከፍተው አንድ ጥቅል ባለቀለም ወረቀት አወጡ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። አምቦ ካለው የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከ ነው። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ታይቶ ስለማይታወቅ እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ነው ያቀበሉኝ። ከአምቦ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ግድግዳው በተማሪ ሥዕል ተሸፍኖ ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «እንስሳት ይሁን» አሉ፤ «እንስሳት ከፖለቲካ ነፃ ናቸው።» ይህን አባባላቸውን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ እኔ በጊዜው አምኜላቸው ነበር።

በማግስቱ አራተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ፈረስ ሣልኩ። ክቡንም ሦስት ማዕዘኑንም አልቆጠብኩም። ዞር ብዬ «ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ውሻ!»

«ጅብ!»

«ወንበር!»

ከፊት የምትቀመጥ ጫልቱ የምትባል ልጅ ብቻ ዝም ብላ በሐዘን ታየዋለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ እሷ ታድነኛለች ብዬ «ጫልቱ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አልኳት። ብድግ አለችና በቀስታ ጠየቀችኝ፦

«ቲቸር፣ ታሞ ነው?»

ሰሌዳውን አጠፋሁት። ወረቀቱን ሳድል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አረንጓዴ የደረሰው ልጅ ሁሉ አልቀበልም አለ። «አረንጓዴ ላም የለም!» ይላል። «ሰማያዊ አህያ ማን አየ?» ይላል ሌላው። ወረቀቱ ቆዳዋ አይደለም፣ ላሟ የምትቆምበት ነው ብዬ ባስረዳ ማን ሰምቶኝ። ከቀይና ከቢጫው በቀር የሚነካ ጠፋ። በቀይ ወረቀት ምክንያት ሁለት ልጆች ተነካክሰው አገላገልኩ። በመጨረሻ የሣሉትን ሳየው ግን የሁሉም ላም ከእኔ ፈረስ ጋር ይመሳሰላል። የኔን አይተው ኖሯል የሚሠሩት! በቤታቸው ያለችውን እውነተኛዋን ላም ትተው የቲቸርን ድውይ ፈረስ ሲገለብጡ ስመለከት አዘንኩ።

ያን ቀን ነው ጥፋቱን ያመጣው ብልኃት የታየኝ። ወረቀቱን ሰብስቤ «ነገ ወጣ ብለን እንደ አዲስ እንጀምራለን፤ እናንተ ግን ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከብቶቻችሁን በደንብ አይታችሁ ኑ» ልላቸው ፈለግሁ። በአማርኛ ብላቸው ግማሾቹ አይከተሉኝም፤ ስለዚህ በኦሮምኛ ልበለው አልኩ።

ኦሮምኛ የማውቀው ከአከራዬ ከአዴ ብርቄ ነው። አዴ ብርቄ ከገበያ ስመለስ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ይዘረጉና «ፊዲ!» ይሉኛል። የገዛሁትን ይቀበሉኛል፣ ያገላብጡታል፣ ያዩታል፣ «ተታለሻል» ብለው ይመልሱልኛል። ሻሽ ስገዛ «ፊዲ»፣ ሽንኩርት ስገዛ «ፊዲ»። እኔ ታዲያ የተማርኩ ሰው አይደለሁ? ተመራምሬ «ፊዲ» ማለት «ማየት» ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ «ፊዳ» ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። የቀረውን ከልጆቹ ቃርሜ፣ ደረቴን ነፍቼ እንዲህ አልኩ፦

«ቦሩ፣ ሆሪ ኬሰን ፊዳ ኮታ!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኦሮምኛዬ አስደንቋቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሁሉንም?»

«ሁሉንም! ትልቁንም ትንሹንም!»

«በሬም?»

«በሬ ይቀራል እንዴ? በተለይ በሬውን!»

«አባቴ እንቢ ቢለኝስ?»

ሰው ልጁን የገዛ በሬውን እንዳያይ የሚከለክለው ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። «ትእዛዝ ነው በሉ! ቲቸር አዛለች በሉ!»

እናንተ ኦሮምኛ የምታውቁ እስካሁን ስቃችሁ ጨርሳችኋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ «ፊዳ» ማለት «አምጡ» ማለት ነው። «ነገ ከብቶቻችሁን አምጡ» ብዬ ነው ያወጅኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ መንገዱ በአቧራ ተሸፍኗል። ላሙ፣ ጥጃው፣ በጉ፣ አህያው ሰልፉን ይዞ በእኔው አቅጣጫ ይነጉዳል። «ዛሬ ገበያ ነው?» አልኩት አንዱን ሰውዬ። ባርኔጣውን አንሥቶ በአክብሮት «አይ፣ ወደ ትምህርት ቤት ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ግቢው በር ስደርስ ገባኝ። አንድ ኮርማ የሦስተኛ ክፍልን መስኮት በቀንዱ እያከከ ነው። ፍየሎቹ ደረጃው ላይ ናቸው። አንዲት ባልቴት ሁለት ዶሮ በብብታቸው አቅፈው ሣር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ግርማ እጃቸውን ዘርግተው ከአበባቸው ፊት እንደ በረኛ ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ!» አሉኝ፤ «ምንድን ነው ያልሻቸው?»

አዴ ብርቄም በጓሮ በኩል እየሮጡ መጥተው ነበርና ነገሩን የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ያልኩትን ደገምኩላቸው። አዴ ብርቄ ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ «ወይ ልጄ! ወይ ልጄ!» እያሉ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ሳቁ። መሳቃቸውን ቶሎ ተዉት፤ አገሩ ውስጥ ያለውን ወሬ ሰምተው ነበርና።

ወሬው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አገር «ትእዛዝ ነው» የሚለውን ሲሰማ ክትባት መጣ ብሎ ያለውን ሁሉ ነድቶ መጣ። ግማሹ ደግሞ አምራች ማኅበር ሊቋቋም ነው፣ በሬ ተሰብስቦ የጋራ ሊሆን ነው ብሎ፣ በሬዎቹን በዋዜማው ገደል ለገደል ይዞ ጠፋ። «በተለይ በሬውን» ያልኩት ነገር ነው ያስፈራቸው። በዚያን ጊዜ ይህ ቀልድ አልነበረም። ሕዝብ ያለፈቃድ መሰብሰብ፣ ወሬ መንዛት፣ እነዚህ ሰው የሚጠየቅባቸው ነገሮች ነበሩ።

በዚህ መሀል ጫልቱ ባዶ እጇን መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ ቦቃ ጠፋ።»

ቦቃ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬያቸው ነው። አባቷ ኦቦ ጉታ ሁለቱን በሬዎች ሲመሽ ወደ ወንዙ ሸለቆ ወስደው ደብቀዋቸው ነበር። ጎህ ሲቀድ ቢያዩ ቦቃ ገመዱን በጥሶ ሄዷል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ጫካ ለጫካ እየፈለጉት ነው። ደግሞም ወሩ ግንቦት ነው፤ እርሻ ደርሷል። ከጥንድ አንዱ የጎደለበት ገበሬ ምን ሊያርስ ነው? ልጅቱን ልባብላት ወይስ ልደበቅ እያልኩ ሳለሁ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ በዳዳ በፈረሳቸው ከች አሉ።

ኦቦ በዳዳ ሲቆጡ አይጮኹም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ከፈረሱ ሳይወርዱ ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ጓድ መምህርት፣ ይህን ሕዝብ ማን ጠራው?»

«እኔ ነኝ... ማለት... እኔ አልጠራሁም።»

«ማኅበሩ ሳያውቅ የአገር ከብት ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ነው። በማን ትእዛዝ?»

«በኦሮምኛ ነው!» አልኩ፣ ምን እንዳልኩ ሳላውቅ።

አቶ ግርማ ገላገሉኝ። ላብ በላብ ሆነው በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ ቲቸር «አይታችሁ ኑ» ለማለት ፈልጋ «አምጡ» እንዳለች፣ ከሥዕል በቀር ሌላ ሐሳብ እንደሌላት። ኦቦ በዳዳ ፊታቸውን ሳይፈቱ አዳመጡ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሩት። ባልቴቷ ዶሮዎቻቸውን እንዳቀፉ «ማል ጄቴ?» አሉ፣ ምን አለች ማለታቸው ነው። አንድ ሰው ደገመላቸው። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ተነሥቶ ሳቁ ግቢውን ዞረው፤ ኮርማው ሳይቀር ደንግጦ መስኮቱን ለቀቀ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ባልቴቷ ተቆጡ። «ሳቁን ስቀናል፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለክትባት ነው። ክትባቱስ?»

«አዎ፣ ክትባቱስ?» አለ ሕዝቡ።

ክትባት ከየት ይምጣ? የመጣው ከጊንጪ ነው። ለማ የሚባል አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ሠራተኛ እዚያ ነበር። የአባ ሰንጋ ክትባት ይዞ በየመንደሩ ሲለምን ከርሞ ሰው ከብቱን እየደበቀበት ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠ ልጅ ነው። «ሕዝቡ ከብቱን ሰብስቦ ትምህርት ቤት ቆሟል» የሚለው ወሬ ሲደርሰው እውነት አልመሰለውም። ሞተር ብስክሌቱን እያስጓራ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ከኋላው አስሮ መጣ። ግቢውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔን ከመጤፍ ሳይቆጥር አቶ ግርማን ጨብጦ «እንዴት አድርጋችሁ ሰበሰባችኋቸው?» አላቸው።

«በቅስቀሳ ነው» አሉ አቶ ግርማ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ይቻላል ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ለማ መርፌውን ይዞ ባንዱ ወገን ሲጀምር፣ እኔ በሌላው ወገን ልጆቹን በሣሩ ላይ በተንኋቸውና ወረቀት አደልኩ። ምን ላስተምር? ዝም አልኩ። ያን ቀን ካስተማርኩት ሁሉ የሚሻለው ዝም ማለቴ ነበር። ልጆቹ ላሙን አይተው ላም፣ በጉን አይተው በግ ሣሉ። ጉድለቱ ላም ቆማ አትሣልም፤ ጭራዋን ሥለው ሳይጨርሱ ሄዳለች። «ቲቸር፣ ያዢልኝ!» ይሉኛል። የአንዷን ጊደር ቀንድ ይዤ ስቆም ከኋላዬ ፍየል የሰማያዊ ወረቀቶቹን ጥቅል ትበላለች። ወረቀቱን ከአፏ ስጎትት ጊደሯ አመለጠች፤ ጊደሯን ሳባርር አንሸራቶኝ በምን ላይ እንደወደቅሁ አልነግራችሁም። የፍየሏ ነገር አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሰማያዊ አህያ አልሥልም የሚለው ክርክር ያኔ ተዘጋ።

ኦቦ በዳዳ ይህን ሁሉ ከፈረሳቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ቀስ እያሉ ወደ ልጆቹ ተጠጉ። አንድ ልጅ የጎረቤታቸውን በቅሎ ሲሥል አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፈረስም ይሣላል?»

«ይሣላል፣ ኦቦ በዳዳ።»

«እንግዲያው ቀይ ወረቀት ላይ ይሁን» አሉና ወርደው ግላሱን አስተካከሉ። ፈረሱ ከሁሉ እንስሳ ይልቅ ጸጥ ብሎ ቆመ። የባለቤቱን ሥልጣን የሚያውቅ ይመስላል።

ድንገት ጫልቱ «ቦቃ!» ብላ ጮኸች።

አቶ ግርማ አበባቸውን ጥለው ከለማ ጋር ወሬ በያዙበት ሰዓት፣ አንድ ግንባረ ነጭ በሬ ከባንዲራው ሥር ቆሞ አበባዋን ከነግንዷ ያላምጣል። ቦቃ ነው። ለካስ ገመዱን በጥሶ ሲወጣ የመንደሩ ከብት ሲነዳ ሰምቶ ተቀላቅሎ መጥቷል። ሰው ይደበቅ እንጂ በሬ ምን አስደበቀው? ለማ ሮጦ ወጋው፤ አቶ ግርማ ተከትለው ሊወጉት ነበር፣ ያዝናቸው። ጫልቱ እንባዋን ጠርጋ ቢጫ ወረቀቷን ዘርግታ ተቀመጠችና ጓደኛዋን ቦቃን ሣለች። ቦቃ አበባውን እስኪጨርስ ንቅንቅ ስላላለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ ያማረው ሥዕል የእሷ ነው።

ኦቦ ጉታ የደረሱት ይኼኔ ነው። ከአጥሩ ውጪ ቆመው በእሾሁ መሀል ያያሉ። የሚያዩትን አስቡት። ገደል ወስደው የደበቁት በሬ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ከባንዲራ ሥር ቆሟል። አንዱ ወግቶታል፣ አንዷ እየጻፈችው ነው፤ ያቺም የገዛ ልጃቸው ናት!

«ኣባ! ቦቃ ተገኘ!» አለች ጫልቱ።

«የቱ ቦቃ?» አሉ ኦቦ ጉታ። «እኔ በሬ የለኝም።»

ኦቦ በዳዳ ዞር አሉ። «ጉታ፣ ይህ በሬ ያንተ አይደለም?»

«አይቼውም አላውቅ።»

ቦቃ ድምፃቸውን ሲሰማ ጆሮውን አቆመ። እምቧ ብሎ ወደ አጥሩ ሄደና እጃቸውን ይልስ ጀመር። ኦቦ ጉታ እጃቸውን ሰበሰቡ። በሬው አንገቱን አስረዘመ። «ሂድ ወዲያ!» አሉት፣ እንደማያውቁት ሰው።

«መልካም» አሉ ኦቦ በዳዳ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ ሳይታይ። «ባለቤት የሌለው ከብት የማኅበሩ ነው። ያዙት።»

«ኧረ የኔ ነው!» አሉና ኦቦ ጉታ አጥሩን ዘለሉት። ያን ዕድሜ ይዘው እንዴት እንደዘለሉት እስከዛሬ አይገባኝም። የበሬውን አንገት አቅፈው ቆሙ። ሕዝቡ ፈነዳ። ኦቦ በዳዳም በመጨረሻ ጥርሳቸው ታየ። «እንግዲያው ውሰደው፣ በሬህን ማን ፈለገብህ? ሥዕል ነው የተባለው» አሏቸው። ኦቦ ጉታ ግን እስከ በሩ ድረስ ኋላቸውን እያዩ ነው የነዱት።

ከአምቦ የመጡት እንግዶች ከሳምንት በኋላ ግድግዳውን አይተው ተደነቁ። በየሥዕሉ ላይ ከእንስሳው አጠገብ ትልቅ መርፌ የያዘ ሰው አለ፤ ልጆቹ ያዩትን ነውና የሣሉት የከብት ሐኪሙንም አልተዉትም። መሀል ላይ በቀይ ወረቀት የኦቦ በዳዳ ፈረስ ተንቀባሯል። የእንግዶቹ አለቃ «ይህ ምን ያመለክታል?» ብለው ጠየቁ። አቶ ግርማ «ትምህርትንና ምርትን ማዋሐዳችንን» ብለው መለሱ። ተጨበጨበልን። እኔም አጨበጨብኩ፤ የተዋሐደው እንዴት እንደሆነ ጠይቆ የሚያፋጥጠኝ አልነበረማ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሉን ልቆልፍ ስል በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ኦቦ ጉታ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል።

«ባርሲስቱ» አሉኝ፤ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። «በሬዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ኦቦ ጉታ፣ ቦቃን ወስደውት የለም እንዴ?»

በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ፤ ወደ ጫልቱ ቢጫ ወረቀት። «ያኛውን ነው። በሬዬ መንግሥት ቤት አያድርም።»

«ኧረ ወረቀት እኮ ነው!»

ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እነሱም መውሰድ የሚጀምሩት በወረቀት ነው።»

ስፒሉን አንድ በአንድ ነቀልኩና ቦቃን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት፣ ግራና ቀኝ አዩና በጓሮው በር ወጡ።